የአባባ ቮልስ ለምን ታስላለች?

ልጄ ከአያቷ መኪና በወረደች ቁጥር «ራሴን አመመኝ» ማለት የጀመረችው ባለፈው ክረምት ነው። እኛም «ቮልስ ድሮም ትሸታለች» ብለን አለፍነው። አንድ ቅዳሜ ግን ከገበያ ስንመለስ መኪናዋ የትራፊክ መብራት ላይ ጠፋች። አባባ አስነሷት፤ ሁለት ጊዜ አስላ ደግማ ጠፋች። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ለቀቀው። ውስጡ በቤንዚን ሽታ ታፍኗል። መስኮቱን እየከፈትኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

ማታ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። ወንድሜ «ትሸጥና እንገላገል» አለ። እናቴ ዝም አለች። አባባ ግን ቡናቸውን ፉት እያሉ «መኪናዋ ደህና ናት፤ የታመመው ካርቡሬተሯ ነው» አሉ።

ቮልስ በእኛ አገር ከመኪናም በላይ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የእኛዋ የ1960 ዓ.ም. ስሪት ስትሆን አባባ ያገለገለች ገዝተው ለዓመታት ሰቆጣ ላይ ሠርተውባታል፤ በበጋ ወራት ወደ ዝቋላም ይወርዱባት ነበር።

ዝቋላ ሲባል ብዙዎቻችን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን ተራራና ገዳም እናስባለን። የአባባ ዝቋላ ግን ዋግ ኽምራ ውስጥ ያለው ወረዳ ነው፤ መሬቱ ወደ ተከዜ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ቆላ። «ሰቆጣ ላይ ትታፈናለች፣ ዝቋላ ስትወርድ ትፈታለች» ይሉን ነበር። ልጆች ሳለን ቀልድ ይመስለን ነበር።

ከፍታና ቤንዚን

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያስረዳን መኪናዋን ያየልን አንጋፋ መካኒክ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ ነው። ሞተር በደንብ እንዲያቃጥል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚን የሚያሳልፈው ጂግለር ግን ይህን አያውቅም፤ ቀዳዳው ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ነዳጅ ትጠጣለች፣ ጉልበቷም ይደክማል። ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ልኩ ይስተካከላል። አባባ «ትፈታለች» ያሉት ይህንን ነበር።

መጀመሪያ ምርመራ

ከዚያ በፊት የጠየቅነው ሌላ ጋራዥ መኪናዋን ሳያይ «ካርቡሬተሩ አልቋል፤ አዲስ ግዙ» ብሎን ነበር። አንጋፋው መካኒክ ግን ካርቡሬተሩን ለመንካት አልቸኮለም። «ጋሼ፣ ካርቡሬተር ላይ ከሚላከከው ጥፋት ብዙው የሌላ ነው» አላቸው ለአባባ። ቮልስ የነዳጅ ታንኳ ፊት ለፊት፣ ከተሳፋሪው እግር በላይ ስለሆነ፣ ሽታ ሲኖር መጀመሪያ ታንኳና የነዳጅ ጎማዎች ይታያሉ። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት (ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.10 ሚሊ ሜትር)፣ የፑንቲና ክፍተት (0.40 ሚሊ ሜትር)፣ ካንዴላዎችና ፊልትሮ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡሬተር ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆኑ። አራቱም ካንዴላዎች ግን ጥቁር ነበሩ። መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ ነዳጅ መስጫውን የሚቀበለውን ዘንግ በሁለት ጣቱ ያዘና ወደላይና ወደታች ነቀነቀው። ዘንጉ በግልጽ ተነቃነቀ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ በዘንጉ ጫፎች ላይ ማጽጃ በጥቂቱ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። በተበላው ቀዳዳ በኩል አየር ሾልኮ እየገባ ነበር። (ይህን ሙከራ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ማጽጃው በቀላሉ ይቀጣጠላል። መካኒኩም እሳት ማጥፊያ አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሠራው።)

ጥፋቱ የተደራረበው በዚህ መንገድ ነው። የዋግ አቧራ ለዓመታት ዘንጉንና ቀዳዳውን ፈጭቶ በልቶታል። በዚያ በሚገባው አየር ምክንያት ሚኒሞዋ ሲረበሽ አንዱ መካኒክ ብሎኑን ከፍቶ ቤንዚን ጨመረላት፤ ሌላው ደግሞ የጂግለሩን ቀዳዳ በሽቦ ጠርጎ አሰፋው። ሁሉም ያከመው ምልክቱን ነው።

ሲፈታ የተገኘው

የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቀለ፣ ሲጋራ የያዘ ሁሉ ከግቢው ወጣ። መካኒኩ እያንዳንዱን ደረጃ በስልኩ ፎቶ እያነሣ ፈታው፤ ትናንሾቹን ብሎኖችና ሞላዎች በሳህን ላይ በተራ ደረደራቸው። የብረት ክፍሎቹ በማጽጃ ታጠቡ፣ ቀዳዳዎቹ በኮምፕሬሰር አየር ተነፉ። «ጂግለር በሽቦ አይነካም፤ በሽቦ የሰፋ ቀዳዳ አይመለስም» አለን። በጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው መጠን ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ። የእኛው ከቁጥሩ አልፎ ሰፍቶ ስለነበር፣ የአዲስ አበባን ከፍታ አስቦ በ120 ቀየረው።

ዋናው ሥራ የተሠራው ቶርኖ ቤት ነው። የተበላው ቀዳዳ በልክ ሰፍቶ የነሐስ ቡሽ ገባበት፤ አዲስ ዘንግም ተገጠመ። ሁለቱ ቡሾች በአንድ መስመር ካልዋሉ አየር የሚዘጋው ክብ ሳህን ይነክሳል፤ ስለዚህ ይህ በእጅ መሰርሰሪያ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ጓርኒሲዮኖቹ፣ የነዳጅ መርፌውና የመርጫ ፓምፑ ስስ ጎማ ሁሉም ተቀየሩ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከኤታኖል ጋር የተደባለቀ ቤንዚን ይሸጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ያውቁታል፤ ኤታኖል የቆየ ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ያሳየኝ ነገር ነው። ቤንዚን የሚገባበት ትንሽ የነሐስ ቱቦ በካርቡሬተሩ ክዳን ላይ ላልቶ በጣት ይዞራል። ይህ ቱቦ በጉዞ ላይ ቢወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ያፈሰዋል። ቮልሶች እሳት ከሚይዛቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። «ልጅቷ ራሷን ያመማት ጊዜ ነበር መምጣት የነበረባችሁ» አለኝ መካኒኩ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ቤት ውስጥ ልብ ይበሉ

የቆየ መኪና ላላችሁ ቤተሰቦች መካኒኩ የነገረንን እነሆ፦

• የቤንዚን ሽታን «ድሮም አለ» ብለው አይለፉት። ከሸተተ ልጆችን አያሳፍሩ፤ መኪናዋንም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያሳድሩ።

• የነዳጅ ጎማዎችንና መቆንጠጫዎቻቸውን በየጊዜው ያስፈትሹ፤ የደረቀ ጎማ ወዲያው ይቀየር።

• «ካርቡሬተር ግዙ» ከተባሉ፣ የቫልቭ፣ የፑንቲናና የካንዴላ ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ።

• የዋናውን ካርቡሬተር አካል አይጣሉ፤ ዘንጉ ቢበላ እንኳ በቡሽ ይድናል።

• ከደጋ ወደ ቆላ ረጅም ጉዞ ከተነሡ ካርቡሬተሩን የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፤ ለደጋ የተለካ ጂግለር ቆላ ላይ ቤንዚን ሊያሳንስና ሞተሩን ሊያግል ይችላል።

• እሳት ማጥፊያ ሁልጊዜ ከሾፌሩ እጅ አይራቅ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉንን መጠገን የሚችሉ እጆች ዋጋቸው ጨምሯል። ካርቡሬተር በጆሮው የሚለካ ባለሙያ ካላችሁ ስልኩን አትጣሉ።

መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ ሞተሩን አሙቆ፣ የሚኒሞውን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት አጠበቀ፣ ጥቂት አላላ። በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ላይ ድምፁ ተስተካከለ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «እንደ ዝቋላ ሆነች» አሉ።

በማግስቱ ልጄ ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተመለሰች። ስትወርድ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት፤ ራሷን አላመማትም። ወንድሜም ስለመሸጥ ዳግም አላነሣም።