የወታደር ቤተሰብ ጣሪያና ከፋዩ

የቤት አበል ወታደሩ ከቀዬው ርቆ ሲያገለግል ለቤተሰቡ መጠለያ የሚውል ክፍያ ነው። በቤት፣ በመሬት ወይም በጥሬ ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል። መልኩ በተለወጠ ቁጥር ወጪውን የሚሸከመው ሰውም ይለወጣል። በበጌምድር ወረዳዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሆነውም ይኸው ነው።

የጥንቱ ከፋይ ገበሬው ነበር። በየገበሬው ቤት የሚመደበው ወታደር ተሰሪ ይባል ነበር፤ እህሉም ማገዶውም የበቅሎው ገፈራም ከባለቤቱ ጎተራና ጓሮ ይወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ ቆርጠው ይህን ሸክም ከገበሬው ጫንቃ ሊያወርዱ ሞክረዋል። ግምጃ ቤቱ ግን አልቻለም፤ ግዛታቸው በጠበበበት በመጨረሻው ዘመን ሠራዊቱ የበጌምድርን ገበሬ እየዘረፈ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ አስራትን ሲደነግጉ ወታደር በገበሬ ቤት መሰራቱ ቀርቶ ቀለቡ ከአንድ አስረኛው ምርት እንዲወጣ ነበር ሐሳባቸው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ወታደሩ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ለውለታው ደግሞ የጋሻ መሬት ይሰጠው ጀመር። በጌምድር ግን የርስት አገር ነበር። መሬቱ በትውልድ ተይዞ ስላለ መንግሥት እየቆረሰ የሚያድለው ብዙ አልነበረም፤ ጋሻው የሚገኘው በደቡብ ነበር። እዚያም ወጪው በሌላ ገባር ትከሻ ላይ አረፈ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሻ ሲዘምት የዘማቹን ቤተሰብ ማሳ የማረሱ ግዴታ በገበሬ ማኅበራት ላይ ወደቀ። ከፋዩ ዞሮ ዞሮ ጎረቤት ሆነ።

ዛሬ ተራ ወታደር በካምፕ ያድራል፤ ቤተሰቡ ግን ብዙውን ጊዜ አገር ቤት ነው። አበል በገጠር ምን እንደሚገዛ ለማወቅ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ቋሚውና ማገሩ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ ምርጊቱ ጭድና ጭቃ ነው፤ ጉልበቱ በጠላና በእንጀራ በደቦ ይሰበሰባል። ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቁት ቆርቆሮው፣ ምስማሩና የአናጢው ዋጋ ናቸው። ቤት የሚለካውም በቆርቆሮ ቁጥር ነው፤ «የሠላሳ ቆርቆሮ ቤት» ይባላል። የቆርቆሮው ብረት ደግሞ ከውጭ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ተቆርጦ የተቀመጠ አበል ስሙ ሳይነካ የሚገዛው የቆርቆሮ ቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው።

ከጣሪያው የሚከብድ ሌላ ወጪም አለ። በእነዚህ ወረዳዎች እርፍ የሚጨብጠው በልማድ ወንድ ነው። ባል በሌለበት ሚስት መሬቱን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ በመኸር ጊዜ ከአውድማው ግማሹን ምርት አራሹ ይወስዳል። ይህ በየዓመቱ የሚከፈል፣ በየትኛውም የደመወዝ ሠንጠረዥ የማይታይ ኪራይ ነው። ማሳው ጠባብ በሆነበት፣ ሴፍቲኔት ከዓመት ዓመት በሚጠበቅበት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ያ ግማሽ የልጆች የክረምት ቀለብ ነው። የቤት አበል የሚተምን ባለሙያ ከከተማ ኪራይ ይልቅ መጀመሪያ ሊያሰላው የሚገባው ይህንን ነው።

ልጆቿን ለማስተማር ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ደብረ ታቦር የገባች የወታደር ሚስት ሁለቱንም ትከፍላለች፤ የወር ኪራይም፣ የመሬቷን እኩሌታም። የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው።

ከፋይ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም አለ። በአሜሪካ የወታደር የቤት አበል በማዕረግ፣ በጥገኛ ቤተሰብና በአካባቢው የኪራይ ዋጋ እየተሰላ በየዓመቱ ይከለሳል። ብሪታንያ በ1996 እ.ኤ.አ. ከ57,000 በላይ የወታደር ቤቶችን በ1.66 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጣ መልሳ ተከራየች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. 36,000 ያህሉን ለመመለስ 6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጣች።

አበል ከደመወዝ የሚለይበት አንድ ጠባይ ለቤተሰቡ ከሁሉ ይከፋል። ጡረታ የሚሰላው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፤ አበል አይቆጠርም። ወታደሩ ሲሞት አበሉ ይቆማል፤ ለሚስቱ የሚተርፈው የቤት አበል ሳይጨመር የተሰላው ጡረታ ግማሽ ነው። እኩል አራሹ ግን በመኸር ድርሻውን ሊወስድ ይመጣል።