የእስሩን ኪሳራ ማን ይካስ?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዙሪያ ያለ አንድ ገበሬ በሽብር ተጠርጥሮ በግንቦት ተይዞ በጥር «ነፃ ነህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ቢባል ቤተሰቡ እልል ይላል። ኪሳራው ግን እንዳለ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች፤ የበቆሎው ግማሽ የሌላ ሰው ሆኗል። በርበሬው ያለ ሰው ጉልበት ቀርቷል። አንዱ በሬ ለጠበቃና ለስንቅ ተሸጧል። ታሳሪው አዲስ አበባ ተወስዶ ከነበረ ደግሞ ዘመድ አዝማድ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በሶና ቆሎ ሲያመላልስ ከርሟል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ማነው?

አንድ ኢትዮጵያዊ በሽብር ተጠርጥሮ ከታሰረ በኋላ ከመንግሥት ገንዘብ ያገኘበት ጉዳይ አለ፤ የከፈለው መንግሥት ግን የእኛ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በብሪታንያ የኖረው ቢንያም መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2002 ካራቺ ላይ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ አፍጋኒስታን፣ በመጨረሻም ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ። የቀረበበት ክስ ተነሥቶ በየካቲት 2009 ተለቀቀ። በኅዳር 2010 የብሪታንያ መንግሥት ከእሱና ከሌሎች 15 ሰዎች ጋር በስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። ኃላፊነቱን አላመነም፣ መጠኑንም አልገለጸም። የፍትሕ ሚኒስትሩ ኬኔት ክላርክ ለፓርላማ ያቀረቡት ምክንያት ክርክሩ ከቀጠለ ወጪው ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቢንያምና ሌሎች፣ በማጓጓዙ ተባብሯል ባሉት ኩባንያ ላይ ያቀረቡት ክስ የመንግሥት ምስጢር ያወጣል ተብሎ ውድቅ ሆኗል። አንድ ሰው፣ አንድ በደል፣ ሁለት መልስ። የካናዳው የማሕር አራር ጉዳይ የተሻለ ነው። አሜሪካ ለሶርያ አሳልፋ የሰጠችውን ይህን ሰው በሚመለከት መጀመሪያ ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጥፋት እንዳልተገኘበት አረጋገጠ። ከዚያ በጥር 2007 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ፣ 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላርም ተከፈለ። የእኛ አገር ሽማግሌም የሚሠራው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ በደሉ ይጣራል፣ በዳይ ያምናል፣ ካሳው ከዚያ ይቆረጣል።

ወደ እኛ ሕግ እንምጣ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ከሕግ ውጭ የተያዘ ወይም የታሰረ ማንኛውም ሰው ካሳ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9(4) አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። ራሱ ሕገ መንግሥቱ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ስለመቅረብና ስለ ዋስትና በዝርዝር ተናግሮ ስለ እስር ካሳ አንድም ቃል አላስቀመጠም። ይህን ትልቅ ጉድለት አድርጌ አየዋለሁ።

ስለዚህ ተበዳዩ የሚይዘው መንገድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ጉዳት ካደረሰ ይካሳል፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነም ተበዳዩ መንግሥትን መጠየቅ ይችላል ይላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ ሥልጣኑ ነው ብሎ ለመንግሥት ጥቅም ሲል የሠራው ነው። የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት ተጠያቂ አይሆንም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሹም በወሰን ክርክር ቂም ይዞ ጎረቤቱን «አሸባሪ» ብሎ ቢያሳስር፣ በደሉ ከስህተት የከፋ ሆኖ ሳለ ሕጉ ተበዳዩን ወደ ሹሙ ኪስ ይልከዋል። ያ ኪስ ባዶ ከሆነ ፍርዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። በአንቀጽ 2138 መሠረት ደግሞ ዳኛ በሥራው ምክንያት በኃላፊነት አይከሰስም። በሽብር ጉዳይ እስርን የሚያራዝመው የፍርድ ቤት ጊዜ ቀጠሮ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 አንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ሲሆን፣ ጠቅላላው እስከ አራት ወር ይደርስ ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል፤ በአሮጌው ጊዜ የታሰሩት ያጡትን ጊዜ ግን አዲስ አዋጅ አይመልስላቸውም።

ከእስር የሚወጣበት በርም ልዩነት አለው። የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች የተያዙት ከሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ማሕሌት ፋንታሁን፣ ዘላለም ክብረትና ሦስቱ ጋዜጠኞች ክሳቸው ተነሥቶ ወጡ። አቤል ዋበላና ሌሎች ደግሞ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ ናቸው ተባሉ፤ ታስረው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኗቸው ነበር። ለካሳ ጠያቂ ትልቁ ማስረጃ ይህ የፍርድ ቃል ነው። ክሱ ሲነሣ ግን ማንም ስለ ንጽሕናው ፍርድ አልሰጠም፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ በቃ። ይቅርታ ከዚህም ይብሳል፣ ጥፋተኝነትን ይዞ ይመጣልና። በ2010 ዓ.ም. የምሕረት አዋጅ ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ ተደስቷል፣ እኔም የደስታውን ተገቢነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ምሕረት እስሩ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ አይናገርም።

ጊዜውም አጭር ነው። በአንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ የመጣው በወንጀል ከሆነና ወንጀሉ የሚከሰስበት ጊዜ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 በሕገ ወጥ መንገድ የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ስለሚቀጣ ጠበቃዎ ይህን እንዲያነሣ ይንገሩት።

ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ይሰብሰብ። የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የያዙት ሰዎች ማንነት፣ የጣቢያው ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የእያንዳንዱ ቀጠሮ ግልባጭ ይያዝ። የእኩል አራሹ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ እማኞች ይፈርሙበት፤ ምርቱ ሲሰፈር የተገኘው ኩንታል በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፍ። በሬው ሲሸጥ ገዢውና ዋጋው ይመዝገብ። የአውቶቡስ ቲኬት አይጣል። ይህን የምለው ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. ስለወሰነ ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የሰው ልጅ ስምና ዕንባ በዚያ መተመኑ ያሳፍራል። በቁስ የደረሰ ኪሳራ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም፤ ያስረዱትን ያህል ይጠየቃል።

ለክልላችን ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ቆይቶ አበቃ። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን እንደገና የጅምላ እስር ተካሂዷል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጠቀሳቸው አራት የማቆያ ካምፖች አንዱ እዚሁ ቅርባችን ዳንግላ ነው። በዚህ ጊዜ የተያዘ ሰው ጉዳይ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሊሸፈን አይችልም፤ የ48 ሰዓቱ ድንጋጌ በሙሉ ኃይሉ ይሠራበታል። በአዋጁ ዘመን ለተያዘውም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ የታሳሪዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ቤተሰብ ለቦርዱና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጽሑፍ ያመለከተበት ደብዳቤ፣ የገቢ ማኅተም ያለበት ግልባጩ እጁ ላይ ከቀረ፣ ሰውየው የት እንደነበረ መንግሥት በኋላ ቢክድ እንኳ ቀኑን ጠብቆ የሚናገርለት ምስክር ይሆነዋል።