በግና ፍየል ሙቀትን እንዴት ይችሉታል?

ከሰሜንና ከወገራ የመጡ ብዙ ሽማግሌዎቻችን ልጅነታቸውን ያሳለፉት በእረኝነት ነው። በበጋ ቀትር በጎች ተጠጋግተው አንዷ ራሷን ከሌላዋ ሆድ ሥር ስትደብቅ ያላየ እረኛ የለም። ምክንያቱን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። በጋን ያቭኔና በቂርያት ማላኪ የተወለዱ ልጆቻችን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ያዩትን ተመራማሪዎች ከደረሱበት ጋር አዛምደን እናቀርባለን።

የጤነኛ በግ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ያህል ነው። ላቧ ጥቂት ስለሆነ ዋና መከላከያዋ ትንፋሽ ነው። ስታርፍ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ የምትተነፍሰው በግ፣ ሙቀት ሲበረታ ከ100 በላይ ታለከልካለች። ከአፍንጫዋ ውስጥ እርጥበት ሲተን ደሟ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ደም ወደ አንጎሏ የሚወጣውን ትኩስ ደም ያበርድላታል። ራሷን ጥላ ውስጥ የምትከተውም አንጎሏን ለማዳን ነው ብንል አልተሳሳትንም። አፏን ከፍታ ምላሷን ካወጣች ግን ነገሩ ከፍቷል።

ጸጉሯስ? ብዙ ሰው ያሞቃታል ይላል። ነገር ግን ፀሐይ የጸጉሩን ጫፍ ብታግለውም በመካከሉ ያለው አየር ሙቀቱ ወደ ቆዳዋ እንዳይዘልቅ ያግዳል። እስከ ቆዳዋ የተሸለተች በግ ጥላ ካላገኘች የምትጎዳው ለዚህ ነው። መኖም በጨጓራ ሲብላላ ሙቀት ስለሚፈጥር በቀትር ግጦሽ ትተዋለች። አባቶቻችን በማለዳ አሰማርተው ቀትር ላይ ከዛፍ ሥር ያሳርፉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ፍየል ከበግ ትበረታለች። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሚራም ሽኮልኒክና ባልደረቦቻቸው ያጠኗት የበደዊኖች ጥቁር ፍየል ከ2 እስከ 4 ቀን ውሃ ሳትጠጣ በበረሃ ትሰማራለች። ከክብደቷ ሩቡን ያህል ውሃ ብታጣ እንኳ በአንድ ጊዜ ጠጥታ ትተካዋለች፤ ትልቁ ጨጓራዋ ውሃውን እንደ እንስራ ይዞ ቀስ በቀስ ለደሟ ይሰጣል። በ1980 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ጥቁር ጸጉሯ በበጋ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣባታል፤ በክረምት ብርድ ግን ያው ፀሐይ መኖ ይቆጥብላታል።

ይህ ሁሉ በትነት የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። በእኛ የባሕር ዳር ሜዳ አየሩ እርጥብ ስለሆነ በጊቱ ብታለከልክም እምብዛም አትበርድም። በደጋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ የቀኑን ሙቀት አውጥታ ታድራለች፤ እዚህ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ይሞቃል። ስለዚህ በግ የምታረቡ ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ ትንፋሿን ቁጠሩ። በዚያ ሰዓት የምታለከልክ በግ ሳትበርድ አድራለችና የዚያን ቀን ከጥላና ከውሃ አትራቅ።