ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩት ሀዲድ

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲወራ 34 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ደጋግሞ ይነሳል። ቁጥሩ የተገኘው በመደመር ነው፤ ከአያት ጦር ኃይሎች 17.4፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ደግሞ 16.9 ኪሎ ሜትር። በከተማዋ ላይ የተዘረጋው መንገድ ግን 31.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ 2.7ቱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። የጣቢያውም ስሌት እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ መስመር 22 ጣቢያ ቢኖረውም ድምሩ 39 ነው፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የሁለቱም ናቸውና። ከልደታ በኋላ አንዱ በኮካ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ይቀጥላል፤ ሌላው በአብነትና በአውቶቡስ ተራ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይታጠፋል። የባቡሩን አቅምም ድክመትም መረዳት የሚሻ ሰው መመርመር ያለበት ይህን የጋራ ቁራጭ ነው።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። ባቡሩ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ይሄዳል፤ አንዱ ከ280 በላይ ሰው ይጭናል፤ የግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

የጋራው ሀዲድ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም። በእያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢላክ፣ በልደታና በስታዲየም መካከል በየአቅጣጫው በየ3 ደቂቃው አንድ ማለፍ አለበት። በዚህ 3 ደቂቃ ውስጥ ባቡሩ ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል፣ በር ይዘጋል፣ ለተከታዩ ቦታ ይለቃል። ከጦር ኃይሎች የመጣው 2 ደቂቃ ከዘገየ፣ ከምኒልክ አደባባይ የሚመጣው ልደታ ሲደርስ ተራው ይዛባበታል፤ መዘግየቱም ምንም ጥፋት የሌለበት የቃሊቲ ተሳፋሪ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ጓደኛውን ለመጠበቅ በር በእግሩ የሚይዝ ሰው የሚያደርገውን ሊያውቅ ይገባል። በሩ ሳይዘጋ ባቡሩ አይነሳም። ልደታ ላይ በር የያዘ ሰው የቃሊቲውንም የአያቱንም መንገደኛ አብሮ ያዘ ማለት ነው።

ባቡሩ ቀርፋፋ ነው፣ አይረባም የሚለው ወቀሳ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ወቀሳው ግን ፍጥነትንና ምልልስን ያምታታል። ጥቂት ጣቢያ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ለቆመ ሰው ባቡሩ በሰዓት 20 ሄደ 40 ኪሎ ሜትር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጊዜውን የሚበላበት ጥበቃው ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 20 ባቡር ከተሰማራ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል፤ 8 ብቻ ከተሰማራ በየ15 ደቂቃው። ሀዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ብድሩም ያው ነው፤ አገልግሎቱ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። የደረሰውም ይኸው ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ከግማሽ የሚበልጡት ጥቂት ዓመታት ሠርተው በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የጋራው ሀዲድ ሊያስተናግድ ወደሚችለው ብዛት ሳንጠጋ ባቡሩ ራሱ አነሰን።

ለዚህ ገንዘብ አውቶቡስ ቢገዛ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የራሱ መንገድ የተለየለት አውቶቡስ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው ያጓጉዛል፤ ባቡሩም አጥሩን ዘርግቶ የመንገድ ማዶና ማዶ ጎረቤቶችን እንዳራራቀ አይካድም። ነገር ግን አውቶቡስም መለዋወጫ ሲያጣ ይቆማል። የቲኬቱ ገንዘብ በብር ይሰበሰባል፤ ሲጀመር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። መለዋወጫው ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፍቷል። ይህ ችግር ተሽከርካሪው በሀዲድ ሄደ በአስፋልት አይለወጥም። የመብራት መቆራረጥን የሚያነሱም አሉ፤ መብራት ሲጠፋ ባቡሩ መቆሙ እውነት ነው። ሆኖም መብራቱ ሲመለስ ባቡሩም ይነሳል፤ መለዋወጫ ያጣ ባቡር ግን መብራት ቢመጣም አይነሳም።

ክርክሩ ዛሬ ከባቡሩ አልፏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላች ነው። ውይይቱ ሁሉ ስለ ቻርጅ ማድረጊያና ስለ ባትሪ ዋጋ ሆኗል። ቀላል ባቡሩ ግን ከመኪናው 8 ዓመት ቀድሞ በኤሌክትሪክ ተጉዞ ዋናውን ትምህርት ሰጥቶናል። ኃይሉን ከራሳችን ግድብ ብናገኝም፣ የሚያረጀውን ተሽከርካሪ እግር፣ ፍሬኑንና የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ማደስ ካልቻልን ማሽኑ የእኛ አይሆንም። ይህን ችላ ብሎ አዲስ ማሽን ማስመረቅ፣ የባቡሩን ታሪክ በመኪና መድገም ነው።

እዚህ ቴክኖሎጂው ረቂቅ ስለሆነ አንችለውም የሚል መልስ ይመጣል። ከፊሉ እውነት ነው፤ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩን ነገ እዚህ አንሠራም። ነገር ግን ባቡር በሙሉ ኮምፒውተር አይደለም። የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ የመቀመጫና የበር አካላት መሥራት፣ የተበላ የብረት እግር እንደገና መቅረጽ የብረታ ብረት፣ የጎማና የማሽን ሾፕ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ትክክለኛ ልኬት፣ ጥራቱ የታወቀ ጥሬ ዕቃና ጥብቅ ፍተሻ ነው። በጋራው ሀዲድ ላይ ካሉት አምስት ጣቢያዎች አንዱ ስሙን የወሰደው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ከተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል ተቋቁሟል። ለእነዚህ ተቋማት በየዓመቱ የሚያልቁት ዕቃዎች ዝርዝር፣ ንድፍና የተረጋገጠ የግዢ ውል ይሰጣቸው። ከቲኬቱ ገቢ የተወሰነው ለመለዋወጫ ብቻ ይቀመጥ። በየወሩም ስንት ባቡር ጠዋት ከአያትና ከቃሊቲ ዴፖ እንደወጣ ለሕዝብ ይነገር፤ የአገልግሎቱ መለኪያ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ያ ቁጥር ነው።