ያገለገለ ወይስ አዲስ? ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሆን ፕሮሰሰር አመራረጥ

በማናቸውም ዕቃ እንደሚታየው ሁሉ፣ የዋጋ ማነስ ብቻውን የግዢን ርካሽነት አያረጋግጥም። የኮምፒዩተር አንጎል በሚባለው በፕሮሰሰር ንግድ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይገለጣል። ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር የሚፈልግ ደንበኛ ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ፣ ቀድሞ በውድ ይሸጥ የነበረውን ያገለገለ ፕሮሰሰር ልግዛ ወይስ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን አዲሱን የሚል ነው። መልሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ደንበኛው በገንዘቡ፣ ነጋዴውም በስሙ ይጎዳል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኮር አይ7-7700ኬ በጊዜው ከ300 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100 ግን የዝቅተኛው ደረጃ ዕቃ ነው። ሁለቱም 4 ኮርና 8 ስሬድ አላቸው፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸውም 4.5 እና 4.3 ጊጋኸርዝ ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ አሮጌው የሚበልጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ አዲሱ በእያንዳንዱ የሰዓት ምት የሚፈጽመው ሥራ የበዛ በመሆኑ፣ በአብዛኞቹ ጨዋታዎች አሮጌውን ይቀድመዋል። እንግዲህ «አይ7» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ትውልዱም መጠየቅ አለበት።

ከፕሮሰሰሩ ዋጋ ሌላ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ማዘርቦርድ። 7700ኬ ዜድ270 በመሰለው ቦርድ ላይ ይሠራል፤ በዜድ370 ላይ ግን፣ ሶኬቱ በመልክ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ አያገለግልም። ይህን ሳያጣራ የሸጠ ባለ ሱቅ ዕቃው ተመልሶ ይመጣበታል።

2ኛ/ ዊንዶውስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 7700ኬን ከተፈቀዱት ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም።

3ኛ/ የተሰወረ ጉዳት። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ከቮልቴጅ መብዛት የሚመጣ ብልሽት መኖሩን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቆ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን አያድነውም። ስለዚህ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ ዕቃው በከባድ ጨዋታ ላይ ሲሠራ ማየት ይገባዋል።

እንዲህም ሲባል፣ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚናቅ ነው ማለት አይደለም። ደንበኛው ተስማሚ ቦርድና ራም አስቀድሞ ካለው ሒሳቡ ይለወጣል። የኤኤምዲ ሶኬት የሆነው ኤኤም4 ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሬይዘን 5 1600 የገዛ ሰው፣ የቦርዱ አምራች አዲስ ባዮስ አውጥቶለት እንደ ሆነ፣ በዚያው ቦርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ሬይዘን 5 5600 ሊያስገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ያገለገለ 5600 መግዛት ቦርድና ራም ጨምሮ ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል። ባዮሱ ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል መታደስ አለበት፤ ከፕሮሰሰሩ በታች ያሉት ቀጫጭን እግሮችም እንዳልተጣመሙ መታየት አለባቸው።

በመጨረሻም ደንበኛው ያለውን ግራፊክስ ካርድ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ4ኬ ስክሪን ላይ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያግደው ካርዱ እንጂ ፕሮሰሰሩ ስላልሆነ፣ ገንዘቡን ለካርዱ ማዋል ይሻለዋል።

ባጭሩ፣ ቦርድ ላለው ደንበኛ ከቦርዱ ጋር የሚስማማና የተፈተነ ያገለገለ ዕቃ፣ ከባዶ ለሚጀምር ግን አዲሱ ይመረጣል። አስመጪውም ዕቃ ከማዘዙ በፊት በአገሩ ገበያ የትኞቹ ቦርዶች እንደ ተሰራጩ ቢያጠና፣ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ አይቀርበትም።