ከዲያኒ አሸዋ ጀርባ ያለው ደን

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የኬንያዋ ሞምባሳ ወርዶ፣ የሊኮኒን መሻገሪያ በፌሪ አልፎ ዲያኒ የሚገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ነጩን አሸዋና የሕንድ ውቅያኖስን ነው። ባሕሩ በእርግጥም ያምራል። እኔ ግን ከቆይታችሁ ቢያንስ ሁለቱን ቀን ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ወደ ደኑ በእግር እንድትሄዱ እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉሬዛ የሚባለው ጦጣ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጉሬዛው ከሆቴሎቹ ግቢ ዛፍ ላይ ነው። ሐዋሳ ላይ የለመድነው ዓይነት ሳይሆን የአንጎላ ጉሬዛ የሚባለው ዘመዱ ነው። ከትከሻው ረጅም ነጭ ፀጉር ይወርዳል፤ ልጁ ግን ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ የቀሩትን አራት ጣቶቹን እንደ ሜንጦ ቅርንጫፉ ላይ እየጣለ ይወናጨፋል። የሚበላው በአብዛኛው ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይፈጭም፤ በክፍል በክፍል የተሠራው ጨጓራው እስኪያብላላው ድረስ ቀኑን በብዛት ተቀምጦ ያሳልፋል።

አስፋልቱ ደኑን ለሁለት ስለከፈለው ይህ እንስሳ ለመሻገር ወደ መሬት ሲወርድ መኪና ይገጨዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲይዝም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የዲያኒ የጉሬዛ ጥበቃ ድርጅት ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ድልድይ ዘርግቷል፤ ሁለት ትይዩ ገመዶች ናቸው፣ በመሃላቸው ርብራብ አለ። ጠዋት ከሥሩ ቆማችሁ ጠብቁ። እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስትሻገር ማየት ለእኔ ከማንኛውም የጀልባ ሽርሽር ይበልጣል። ምግብ ግን አትስጧቸው፤ ሰው የለመደ ጦጣ ውሎ አድሮ የሚጎዳው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ቀን የሺምባ ኮረብቶች ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አየሩ ቀለል ይላል። የኛ ሳላ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመው ሴብል በኬንያ በዱር የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። አውራው ጥቁር፣ ሴቷ ቀይ ቡናማ ናት፤ የሁለቱም ሆድ ነጭ ነው። ወደ ሼልድሪክ ፏፏቴ የሚያወርደውን የእግር መንገድ የምትሄዱት ከታጠቀ ጠባቂ ጋር ነው፤ ዝሆንና ጎሽ አለበት። መውረዱ ቀላል ነው፤ በወበቁ ሽቅብ መመለሱ ነው የሚፈትነው፤ ውኃ በብዛት ያዙ።

ዝሆኖቹ በዝተው የገበሬውን ማሳ ሲያጠፉ እ.ኤ.አ. በ2005 የኬንያ መንግሥት 150 ያህሉን ወደ ምሥራቅ ጻቮ አዛውሯል። ከኮረብቶቹ አጠገብ ባለው ምዋሉጋንጄ ደግሞ ባለርስቶቹ መሬታቸውን ለዝሆኖቹ ለቀው ከቱሪስት ገቢው ይካፈላሉ። እንስሳው ሳይራብ ሰውም ሳይጎዳ ለመኖር ከተሞከሩት መንገዶች እኔ የማደንቀው ይህንን ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከዲያኒ በስተደቡብ የዲጎ ሕዝብ የተቀደሰ ደን የሆነውን ካያ ኪኖንዶን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የሚጂኬንዳ ሕዝቦች የተቀደሱ ደኖች (ካያዎች) አንዱ ነው። ስትገቡ ጥቁር ጨርቅ ወገባችሁ ላይ ታገለድማላችሁ፤ ቅጠል መቀንጠስ ወይም ድንጋይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። መሬቱ የሾለ የኮራል ድንጋይ ስለሆነ ሽፍን ጫማ አድርጉ። በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ስለሚበረታ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ምረጡ።