ከቤት ሆኖ ጽሑፍ ማረም፦ ከየት ይጀመራል?

በአንድ ላፕቶፕ ከቤት ወይም ከዶርም ሆኖ ከሚሠራ ሥራ አንዱ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። በቅድሚያ ሁለቱን ለዩ። እርማት የፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የሰዋስው ግድፈት መልቀም ነው፤ አርትዖት ግን ዓረፍተ ነገር እስከ ማስተካከል ይሄዳል። ድካማቸው ስለማይመሳሰል የትኛውን እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሩቅ አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ አጠገባችሁ አለ። አንድ ገጽ በነፃ አርማችሁ አሳዩት። ዋጋ ስትነጋገሩ ገጹን በቃላት ለኩ፤ በእንግሊዝኛ ሥራ አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ 250 ቃላት ተብሎ ይታሰባል። ያኔ ፊደል አሳንሶ ያጨናነቀ ሰው አያታልላችሁም።

በዎርድ ስትሠሩ «ትራክ ቼንጅስ»ን ክፈቱ፤ ባለቤቱ እያንዳንዱን ለውጥ አይቶ ይቀበላል ወይም ይጥላል። በአማርኛ ለሞክሼ ፊደላት ተጠንቀቁ፦ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። የመረጣችሁትን አጻጻፍ እስከ መጨረሻው ጠብቁ።

ሥራ ሳይሰጥ «መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ከሁሉም በላይ ወሰናችሁን እወቁ። «ምዕራፍ 2ን አንተው ጻፍልኝ» ከተባላችሁ ነገሩ እርማት መሆኑ ቀርቷል፤ በሌላ ሰው ስም መፈተን ነው። የኪስ ገንዘብ በጠበበበት ወር እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ሐላል የሆነው የቋንቋው ዋጋ ነው፤ ሐሳቡ የባለቤቱ አማና ነው።